ቂም የያዘ ጠያቂ፦ አሳታሚው ጄምሰን እና ጭምብል ለባሹ ጀግና

1. መነሻ

“ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት” ይላል የአገራችን ሰው። የቂመኛ ጸሎት አይሰምርም፤ የሚያስለውም ሌባ ራሱን ያጋልጣል ማለት ነው። ተረቱ ስለ ጸሎትና ስለ ስርቆት ፍርዱን ሰጥቷል። ስለ ጥያቄ ግን የተናገረው ነገር የለም። ቂም ይዞ የሚጠይቅ ሰው ቢገጥመን፣ ጥያቄው ከቂሙ ጋር አብሮ ይወድቃልን? የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን ነጥብ በአንድ ገጸ ባሕርይ ላይ ተመርኩዞ መመርመር ነው። ገጸ ባሕርዩ በአሜሪካው የስፓይደርማን (የሸረሪት ሰው) ሥዕላዊ ልቦለድ ውስጥ የምናገኘው የዴይሊ ቢዩግል ጋዜጣ አሳታሚ ጄ. ጆና ጄምሰን ነው።

ወደ ርእሱ የመራኝ በክፍል ውስጥ የተነሣ ክርክር ነው። ስለ ግጭት በምንነጋገርበት ጊዜ፣ ዋናውን ገጸ ባሕርይ የሚፃረር ሌላ ገጸ ባሕርይ እንዲጠቅሱልኝ ተማሪዎቼን ጠየቅሁ። አንዱ ጄምሰንን ጠራ። ሌላው ወዲያው ተነሥቶ፣ “እሱ ቀናተኛ ነው፤ የሚናገረው ሁሉ ከቅናት የመጣ ስለሆነ እንደ ሐሳብ ሊቆጠርለት አይገባም” አለ። ክፍሉ ተስማማ፤ እኔም ተስማማሁና ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፍን። ሥራዎቹን እንደገና ስመለከት ግን ያን ዕለት ተማሪዬን ማረም ሲገባኝ አብሬው መሳሳቴን ተረዳሁ።

ሥዕላዊ ልቦለድ በሥነ ጽሑፍ ሒስ ሊታይ አይገባውም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በበኩሌ ሚዛኑ መሆን ያለበት የሥራው ዓይነት ሳይሆን በውስጡ ያለው የሰው ልጅ ግጭት ነው እላለሁ። በዚህ ሚዛን ጄምሰን ለጥናት የሚበቃ ገጸ ባሕርይ ነው።

2. የጠቡ አመሠራረት

ስፓይደርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1962 ሲሆን ፈጣሪዎቹ ጸሐፊው ስታን ሊ እና ሠዓሊው ስቲቭ ዲትኮ ናቸው። ጄምሰን የመጣው ትንሽ ዘግይቶ፣ ጀግናው የራሱ መጽሔት በተከፈተለት ጊዜ፣ በመጋቢት 1963 ቁጥር 1 ላይ ነው። እንግዲህ ጀግናውና ቂመኛው እኩል የሚያረጁ ባልንጀሮች ናቸው ማለት ይቻላል።

በዚሁ የመጀመሪያ ቁጥር የጠቡ ባሕርይ ሙሉ በሙሉ ተቀርጿል። ፒተር ፓርከር አጎቱ የተገደሉበት፣ አክስቱ የቤት ኪራይ የቸገራቸው ወጣት ተማሪ ነው። ጭምብሉን አጥልቆ በመድረክ ትርኢት ገንዘብ ለማግኘት ይሞክራል። ጄምሰን በጋዜጣው ርእሰ አንቀጽ ይዘምትበትና እንጀራውን ይዘጋበታል። ከዚያ የጄምሰን ልጅ ጆን የተሳፈረባት የጠፈር መንኮራኩር ከቁጥጥር ውጭ ትሆናለች። ስፓይደርማን ነፍሱን አስይዞ ያድነዋል። አባት ምን አደረገ? በማግሥቱ በጋዜጣው ስፓይደርማንን የአደጋው ጠንሳሽ አድርጎ ከሰሰው።

ይህ አሠራር ልብ ሊባል ይገባዋል። በተለመደው ታሪክ ቂም ከበደል ይወለዳል። እዚህ ግን ቂሙ ከውለታ በኋላ በረታ። የልጁ መዳን ጠቡን ሊያበርደው ሲገባ አጋጋመው። አንባቢ ምክንያቱን ለማወቅ የአንድ ዓመት ያህል ዕትሞችን መጠበቅ ነበረበት።

3. ሰሙን የሚያሳድድ፣ ለወርቁ የሚከፍል

ከቁጥር 2 ጀምሮ ፒተር ፓርከር ፎቶግራፍ እያነሣ ለጄምሰን መሸጥ ይጀምራል። ፎቶግራፎቹ የራሱ የስፓይደርማን ናቸው። ጄምሰን በገጹ ላይ የሚያወግዘውን ሰው በቢሮው ወንበር ላይ አስቀምጦ በዋጋ ይከራከረዋል። በሚከፍለው ገንዘብ የጀግናው አክስት ቤት ይተዳደራል። ስለዚህ ጀግናው በአንድ በኩል በጋዜጣው ስሙ ይጠፋል፣ በሌላ በኩል በዚያው ጋዜጣ ይኖራል።

በቅኔ ቋንቋ ብናየው ጭምብሉ ሰም፣ ልጁ ወርቅ ነው። የጄምሰን ጉድለት ወርቁን አለማየቱ ብቻ አይደለም። ሰምና ወርቁ ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ቀርበውለት ሁለቱ አንድ ኅብረ ቃል መሆናቸውን አለመጠርጠሩ ነው። አንባቢ ሁለቱንም ስለሚያውቅ ይሥቃል። ይህ ድራማዊ ምፀት ከስድሳ ዓመት በላይ ሳይነጥፍ መቆየቱ የአወቃቀሩን ጥንካሬ ይመሰክራል።

ሳቁ ግን ተቃዋሚነቱን አይሽረውም። በሐዲስ ዓለማየሁ “ፍቅር እስከ መቃብር” ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ እያሣቁን የሚያስጨንቁ ሰው እንደሆኑ እናስታውሳለን። የጄምሰን አሣቂነትም እንዲሁ ነው፤ ጩኸቱ ቢያሥቅም ጋዜጣው ሰው ይጎዳል። በጥር 1965 በወጣው ቁጥር 20 ስፓይደርማንን የሚያጠፋለት ሰው ለማግኘት ብሎ ማክ ጋርጋን የተባለ ግለሰብ በሳይንስ ሙከራ ወደ ጊንጥነት እንዲለወጥ ገንዘብ ይከፍላል። ጋርጋን አእምሮው ተቃውሶ መልሶ በራሱ በጄምሰን ላይ ተነሣ፤ ያዳነውም ያው የሚጠላው ሰው ነበር። በቁጥር 25 ደግሞ ስፓይደርማንን የሚያሳድድ ሮቦት ከርቀት ይነዳል። በሮቦቱ ግንባር በኩል ባለው መስኮት የሚታየው የጄምሰን የራሱ ፊት ነው። ጭምብልን ሲያወግዝ የኖረው ሰው የብረት ጭምብል አጠለቀ። ሠዓሊው በአንድ ሥዕል የተናገረውን በብዙ ገጽ ማስረዳት አይቻልም።

4. ሳሉ የተሰማበት ቦታ

በመጋቢት 1964 በታተመው ቁጥር 10 መጨረሻ ላይ ጄምሰን ብቻውን ሆኖ ለራሱ ይናገራል። ፍሬ ሐሳቡ ይህ ነው፦ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የኖርሁት ለገንዘብ ነው፤ ይህ ሰው ግን ዋጋ ሳይጠይቅ ሕይወቱን በየቀኑ ለአደጋ ይሰጣል። እሱ በእውነት ደግ ከሆነ እኔ ምን ልባል ነው? ወደ እሱ ከፍታ መውጣት ካልቻልሁ እሱን ማውረድ አለብኝ።

ተረቱ “ሳል ይዞ ስርቆት” ያለው ይህንን ነው። የልጁ አዳኝ ለምን ይበልጥ እንደተጠላ አሁን ግልጽ ይሆናል። ውለታው የጄምሰንን ትንሽነት ለራሱ አሳየው፤ የሚጠላው በውለታው ውስጥ ያየውን የራሱን መልክ ነው። እስከዚህ ድረስ ተማሪዬ ትክክል ነበር፤ መነሻው ቅናት ነው።

ነገር ግን በኪነ ጥበብ ረገድ በዚህ ውስጣዊ ንግግር ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ኑዛዜው ገጸ ባሕርዩን ጥልቀት እንደሰጠው አያጠራጥርም፤ ከዚያ በፊት ጯሂ ብቻ የነበረው ሰው ከዚያ በኋላ የሚታዘንለት ሆኗል። ይሁን እንጂ ያው ኑዛዜ ለአንባቢ አንድ ማምለጫ ሠርቶለታል። መነሻው ቅናት መሆኑ ከራሱ አፍ ከተሰማ በኋላ፣ አንባቢ ጥያቄውን መመለስ አያስፈልገውም። ደራስያኑ ከባዱን ጥያቄ ለቂመኛ አሸክመው ጀግናውን ከመልስ ነጻ አወጡት ብዬ የምከራከረው በዚህ ምክንያት ነው።

5. ጥያቄው ምን ነበር?

የጄምሰንን ክስ ከስድቡ አጥበን ብናወጣው የሚቀረው ይህ ነው፦ ፊቱን የሸፈነ፣ ማንም ያልሾመው፣ ቢያጠፋ ለማንም የማይጠየቅ ሰው በከተማው ውስጥ ፖሊስም ዳኛም ሆኖ ሊሠራ ይገባልን? ይህ ጥያቄ የቀናተኛ ጥያቄ አይደለም። የማንኛውም በሕግ የሚኖር ዜጋ ጥያቄ ነው። በጎ ጭምብል ለባሽ እንደሚኖር ሁሉ ክፉም ሊኖር ይችላል፤ በራሱ በታሪኩ ውስጥም ሞልተዋል። መንገደኛው ከሩቅ ሆኖ በምን ይለያቸዋል?

ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ ሥራው ራሱ ይሰጠናል። በመስከረም 1963 በወጣው ቁጥር 4 ስፓይደርማን ሳንድማን ከተባለው የአሸዋ ሰው ጋር ይዋጋል፤ በውጊያው ወቅት ግን ፎቶግራፍ ሳይነሣ ይቀራል። ገንዘቡ ስለሚያስፈልገው አሸዋ እየበተነ ውጊያውን አስመስሎ ራሱን ያነሣና ለጄምሰን ይሸጣል። ጄምሰን “ይህ ሰው ሕዝብን ያታልላል” እያለ ሲጮህ፣ በገዛ ጋዜጣው ላይ የሐሰት ፎቶግራፍ ታትሟል፤ አታላዩም የተባለው ሰው ራሱ ነው። ክሱ ጄምሰን ባሰበው መንገድ ስሕተት፣ ባላሰበው መንገድ ግን እውነት ሆኖ ተገኘ። ታሪኩ ይህን እንደ ብልሃት ያልፈዋል። የሒስ አንባቢ ግን ቆም ማለት አለበት፤ ጀግናው ጭምብሉን የተጠቀመበት ሰውን ለማዳን ብቻ እንዳልነበረ ያስረዳልና።

ጄምሰን ትክክል ነው ማለቴ አይደለም። ጥያቄው ትክክል ሆኖ መንገዱ ጠማማ ነው። ሳያጣራ ይከሳል፤ ሲሳሳትም ማረሚያውን ለማውጣት ልቡ አይፈቅድም። ጋዜጠኛ መጠየቅ መብቱ ነው፤ መልሱን አስቀድሞ ወስኖ መጠየቅ ግን ሙያውን መካድ ነው። ይህ ልዩነት በጋዜጣው ቤት ውስጥ ሰው ሆኖ የቀረበው በነሐሴ 1967 ቁጥር 51 ላይ በገባው ጥቁር አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በጆ “ሮቢ” ሮበርትሰን ነው። ሮቢ በእርጋታ ይመረምራል፣ አለቃውንም ፊት ለፊት ይቃወማል። ጄምሰን ይጮህበታል፤ ሆኖም አያባርረውም። በአንድ ዝግጅት ክፍል ውስጥ ቂምና ሚዛን ጎን ለጎን ሲሠሩ እናያለን።

6. በኋላ የመጡ ንባቦች

በኋለኞቹ ዘመናት ገጸ ባሕርዩን የነኩ ደራስያን ከሁለቱ አንዱን መርጠዋል፤ ወይ ሰውየውን ማክበር፣ ወይ ጩኸቱን ብቻ ማስቀረት። በ2002 በሳም ራይሚ ተዘጋጅቶ ጄ.ኬ. ሲመንስ ጄምሰንን በተጫወተበት ፊልም፣ ግሪን ጎብሊን ጉሮሮውን አንቆ የፎቶግራፍ አንሺውን ስም ሲጠይቀው ጄምሰን አይናገርም። አንሺው እዚያው ክፍል ውስጥ የነበረ ልጅ ነው። ያ ንፉግና ነገረኛ ሰው ሞት ፊቱ ቆሞ የዜና ምንጩን ጠበቀ። በእኔ ግምት ይህ አጭር ትዕይንት ከረጅሙ ኑዛዜ ይልቅ ስለ ሰውየው የሚነግረን አለ።

በ2017 በቺፕ ዝዳርስኪ ተጽፎ በወጣ አንድ ቁጥር ደግሞ ሁለቱ ለቃለ መጠይቅ ተቀምጠው፣ በጦፈ ጭቅጭቅ መጨረሻ ስፓይደርማን ጭምብሉን አውልቆ ፊቱን ያሳየዋል። ከአምሳ ዓመት በላይ የተጠየቀው ጥያቄ በክርክር ሳይሆን በፊት ተመለሰ። ቂሙም ከዚያ ወዲያ ፈረሰ። በአንጻሩ በ2019ኙ ፊልም ማብቂያ ላይ ጄምሰን በኢንተርኔት የሚያሰራጭ ጯሂ ሆኖ ብቅ ይልና፣ ተቆርጦ የተቀጠለ ቪዲዮ አሳይቶ የጀግናውን ስም ለዓለም ይፋ ያደርጋል። ለዘመኑ የሚስማማ ለውጥ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ በዚያ ፊልም ውስጥ ስለማይተዋወቁ ከወንበሩ ማዶ የተቀመጠው ልጅ የለም። ልጁ ሲጠፋ ምፀቱ ጠፋ፤ ምፀቱ ሲጠፋ የቀረው ጩኸት ብቻ ነው።

7. ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከተው ጄምሰንን ስናነብ ሦስት ነገሮችን ለየብቻ መመዘን ይኖርብናል፦ መነሻውን፣ መንገዱንና ጥያቄውን። መነሻው ቅናት ነው፤ ይነቀፋል። መንገዱ ስም ማጥፋት ነው፤ ይኮነናል። ጥያቄው ግን በራሱ እግር ቆሞ መልስ ይጠብቃል። ሥራው በመነሻው መጋለጥ ጥያቄውን ለመዝጋት መሞከሩ ዋና ድክመቱ ነው ብዬ አምናለሁ። ድክመቱንም የሚያርሙት የሥራው የራሱ ዝርዝሮች ናቸው።

ነገሩ ለእኛም ለሐያስያን የሚተርፍ ትምህርት አለው። አንድ ሒስ ሲወጣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምንጠይቀው “ሐያሲው ከደራሲው ጋር ምን አላቸው?” ብለን ነው። ቂም ከተገኘ ሒሱ ተነብቦ ሳያልቅ ይጣላል። እኔም በክፍሌ ውስጥ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። የቂመኛ ጸሎት ወደ ላይ አይደርስ ይሆናል። ጥያቄው ግን የሚላከው ወደ እኛ ነውና፣ ማን እንደላከው ካየን በኋላም ቢሆን ከፍተን ማንበብ አለብን። ያን ተማሪ በድጋሚ ባገኘው የምነግረው ይህንን ነው።