«ርእስ» ወይስ «ጉዳይ»? ስለ እርዳታ ጽሑፍ ማዘጋጃ ስያሜዎች

የኮምፒዩተር ተጠቃሚ ሥራው ሲያስቸግረው የሚከፍተውን የእርዳታ ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተሠሩ ሶፍትዌሮች አሉ። ጀማሪውን ከሁሉ በፊት የሚያደናቅፈው የመሣሪያው አሠራር ሳይሆን «ቶፒክ» የሚለው ቃል ነው። ይህን ቃል «ርእስ» ብሎ መተርጐም ይቀናናል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ትምህርቱን ሲጀምር እንዲሁ ብሎ ነበር፤ ስሕተቱን የተረዳው ዘግይቶ ነው።

ማስረጃው ከሙያው ታሪክ ይገኛል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1990 ከዊንዶውስ 3.0 ጋር ባወጣው ዊንሄልፕ፣ አዘጋጁ በእያንዳንዱ ቶፒክ መነሻ ላይ የግርጌ ማስታወሻዎችን ያስገባ ነበር፦ በቁጥር ምልክት መለያውን፣ በዶላር ምልክት ርእሱን፣ «ኬ» በተባለችው የላቲን ፊደል ቁልፍ ቃላቱን። እንግዲህ ርእስ ከቶፒኩ ንብረቶች አንዱ ብቻ ከሆነ፣ ባለንብረቱን በንብረቱ ስም መጥራት እንደምን ይቻላል?

ቶፒክ በመዝገበ ቃላት ውስጥ ከነፍቹ የተቀመጠን አንድ ቃል ይመስላል። አንባቢ ከየትም መጥቶ ይደርስበታል፤ ጐረቤቱን ሳያነብ የፈለገውን ይዞ ይሄዳል። «ርእስ» ብሎ የተማረ ጀማሪ ግን ምዕራፍ መጻፉን አይተውም። የመሥሪያ ቤቶቻችን ደብዳቤ ያለ እርሷ የማይጀምረውን «ከላይ እንደተገለጸው» የምትለዋን ሐረግ ሳይቀር ይዞ ይገባል፤ በእርዳታ ጽሑፍ ውስጥ ግን «ላይ» የሚባል ስፍራ የለም።

ስለዚህ «ጉዳይ» የሚለውን እናቀርባለን። እርዳታ ፈላጊው አንድ ጉዳይ ይዞ የመጣ ባለጉዳይ ነውና ስያሜው ጸሐፊውን ማን እንደሚጠብቀው ያስታውሰዋል። ጉዳይ የነገሩ እንጂ የጽሑፉ ስም አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው እውነትነት አለው፤ ሆኖም «አንቀጽ» በሕግና በሰዋስው፣ «ክፍል» በቅደም ተከተል ትርጉሙ ተይዟል። የተሻለ ያለው ያቅርብልን።

«ማውጫ» የባሰ ችግር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኤችቲኤምኤል ሄልፕ በይዘት ቅደም ተከተል የተደራጀውን ዝርዝርና በፊደል ተራ የተሰለፉትን ቁልፍ ቃላት በሁለት ትሮች ለይቶ ያሳያል። በእኛ መጻሕፍት ሁለቱም «ማውጫ» ሲባሉ ይገኛሉ። በመጽሐፍ አንዱ ፊት፣ ሌላው ኋላ ስለሚውል አንባቢ አይሳሳትም፤ ጐን ለጐን ሲቆሙ ግን ተጠቃሚው የትኛውን ይክፈት? የመጀመሪያው «ማውጫ» እንደ ሆነ ይቈይ፤ ሁለተኛው «ጠቋሚ» ይባል።

«ኮምፓይል» ለሚለው «ማጠናቀር» ስለሚበቃ አላነሣነውም።