ነጩ ነጠላ ለምን ግራጫ ይሆናል? የካኖን ጂ10 ካሜራ ሲገመገም

ለጥምቀት ነጭ በነጭ ለብሳችሁ ከእናታችሁ ጋር ፎቶ ተነሥታችሁ ታውቃላችሁ? ፎቶውን ስታዩት ነጠላው አመድ መስሎ፣ የእናታችሁ ፊት ደግሞ ጠቁሮ ዐይኗ እንኳ አልለይ ብሎ ይሆናል። ብዙ ሰው "ካሜራው አይረባም" ወይም "አንሺው አይችልበትም" ብሎ ያልፈዋል። ካሜራው ግን የታዘዘውን ነው ያደረገው። ችግሩ ያለው ትእዛዙ ላይ ነው።

እስቲ ከሥሩ እንየው። ካሜራ ፊቱ ያለው ልብስ ነጭ ይሁን ጥቁር አያውቅም። የሚለካው ተንጸባርቆ የሚመጣለትን ብርሃን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ግምት ይወስዳል፤ "የማየው ነገር በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው" ይላል። በፎቶግራፍ ትምህርት ይህ ግራጫ ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ ተደርጎ ይወሰዳል። ፎቶውን ነጭ ልብስ ሲሞላው ካሜራው "ብርሃኑ በዛ" ብሎ ይቀንሳል። ነጠላው ወደ ግራጫ ይወርዳል፤ ፊትም አብሮ ይወርዳል። በጥቁር ካባ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ፊት የሚለዩ ካሜራዎች ስሕተቱን ይቀንሱታል እንጂ ጨርሰው አያጠፉትም።

መድኃኒቷ የ+ እና − ምልክት ያለባት የብርሃን ማካካሻ ናት። +1 ስትሏት "ከመረጥከው እጥፍ ብርሃን አስገባ" ማለታችሁ ነው፤ −1 ካላችሁ ደግሞ ግማሹን።

ካኖን በ2008 ያወጣውን ፓወርሾት ጂ10 የምወደው በዚህ ነው። ሌሎች ትንንሽ ካሜራዎች ሜኑ ውስጥ የሚቀብሯትን ይህችን መቆጣጠሪያ ጂ10 አናቱ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ለብቻዋ የምትዞር ጎማ አድርጎ አስቀምጧታል። ከ−2 እስከ +2 ድረስ በሲሶ በሲሶ ትሄዳለች። ካሜራውን ሳታበሩ እንኳ የት ላይ እንዳለች በዐይናችሁ ታያላችሁ። ጥሩ ንድፍ ማለት ይኼ ነው።

ግን ያው ካሜራ ሜኑው ውስጥ ሌላ ነገር ይዟል፦ "ማይ ከለርስ" የሚባሉ የቀለም ምርጫዎች። ደማቅ ቀለም፣ ጥቁርና ነጭ፣ ቆዳ የሚያነጣ፣ ቆዳ የሚያጠቁር፣ ምኑ ቅጡ! እዚህ ላይ አልስማማም። እነዚህ ምርጫዎች ሴንሰሩ ላይ የደረሰውን ብርሃን በጥቂቱም አይጨምሩትም፤ የተቀዳውን ምስል ቀለም ብቻ ነው የሚለውጡት። ፊት የጠቆረው ብርሃን ስላነሰው ከሆነ "ቆዳ የሚያነጣ" መምረጥ ወጥ ጨው ሲያንሰው ሳህኑን እንደ መቀየር ነው። ጠይም ፊት መንጣት አያስፈልገውም፤ የሚገባውን ብርሃን ማግኘት ነው የሚያስፈልገው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ 14.7 ሜጋፒክስሉ ነው። የጂ10 ሴንሰር ስፋት 43 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በትልልቆቹ የባለሙያ ካሜራዎች ላይ ያለው 864 ነው፣ ሃያ እጥፍ መሆኑ ነው። በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ፒክስል ባበዛችሁ ቁጥር ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ብርሃን ያንሳል። ብርሃን በፎቶን ተቆጥሮ የሚመጣ ነገር ነው፤ አመጣጡም ወጣ ገባ ይላል። አንድ ፒክስል 10,000 ፎቶን ቢሰበስብ መዋዠቁ 100 ያህል፣ ማለትም 1 በመቶ ነው። 100 ብቻ ቢሰበስብ ግን 10፣ ማለትም 10 በመቶ ይሆናል። ማታ ቡና ሲፈላ፣ በደብዛዛ አምፖል፣ አይኤስኦውን 1600 አድርጋችሁ ስታነሡ ፎቶው ላይ አሸዋ የተበተነ የሚመስለው ለዚህ ነው። አይኤስኦ መጨመር ያነሰውን ብርሃን ያጎላዋል እንጂ አዲስ ብርሃን አያመጣም። ካኖን ራሱ በ2009 ጂ11ን ሲያወጣ ቁጥሩን ወደ 10 ሜጋፒክስል አውርዶታል። እኔ ይህን ስሕተትን እንደ ማመን ነው የምቆጥረው።

ታዲያ ምን ይሻላል? አሮጌ ጂ10 እጃችሁ ከገባ ከአውቶ አውጡትና "ፒ" ላይ አድርጉት። ነጭ የለበሰ ሰው ፎቶውን ከሞላው ከ+2/3 ጀምሩ፤ አንድ አንሡና አጉልታችሁ እዩ። ፊቱ ካልጠራ ወደ +1 ጨምሩ። የነጠላው ሽመና ጠፍቶ ወረቀት ከመሰለ ደግሞ አብዝታችኋልና መልሱት። አንዴ ሞልቶ የፈሰሰ ነጭ በኋላ በኮምፒውተር አይመለስም፤ ትንሽ የጠቆረ ግን ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። ጀርባው ላይ ኃይለኛ ፀሐይ ካለ ሰውዬውን ወደ ጥላ መውሰድ ከሁሉም ይበልጣል።

ካሜራ የላችሁም? ብዙ ስልክ ላይ ፊቱን በጣት ነክታችሁ ጣታችሁን ወደ ላይ ብታንሸራትቱ ያው ሥራ ነው። ለበዓሉ ቀን ከመድረሱ በፊት ቤታችሁ ነጠላ አንጠልጥላችሁ ተለማመዱ። የዘንድሮው ጥምቀት አንዴ ካለፈ ደግማችሁ አታነሡትም።