የላም ሽንት የሚያሰላው ሶፍትዌር፦ «ኦቨርሲር»ን ምን ያህል እንመነው?

ኒውዚላንድ ውስጥ «ኦቨርሲር» የሚባል ሶፍትዌር አለ። የላሞቹን ብዛት፣ የማዳበሪያውን መጠን፣ የአፈሩንና የዝናቡን ሁኔታ ትነግሩታላችሁ፤ እሱ ደግሞ በዓመት ከአንድ ሄክታር ስንት ኪሎ ናይትሮጅን በውሃ ታጥቦ እንደሚሄድ ያሰላል። ቁጥሩ ቁርጥ ያለ ነው። ችግሩም እዚያው ይጀምራል።

የታውፖ ሐይቅን እንውሰድ። ስፋቱ 616 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ከፍታው ከባህር ጠለል በላይ 350 ሜትር ገደማ ነው። በዙሪያው ያለው ከፍተኛ መሬት ባለፈው ክፍለ ዘመን ተመነጠረ፣ ማዳበሪያ ተጨመረበት፣ ሳርና ማገጥ ተዘራበት፤ «የተሻሻለ ግጦሽ» ሆነ። ሳሩ ሲበዛ ከብቱም በዛ።

አሁን አንዲት ላም ሸናች እንበል። በዚያች ትንሽ ቦታ የሚያርፈው ናይትሮጅን በሄክታር ሲሰላ ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ሳሩ ይህን ሁሉ እንዴት አድርጎ ይጨርሰው? ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። ናይትሬት ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው፤ የአፈር ቅንጣቶችም ባብዛኛው እንደዚያው ናቸው፤ ስለዚህ አይያያዙም። ዝናብ ሲመጣ ናይትሬቱ ወደ ከርሰ ምድር ይሰርጋል። ፎስፈረስ ግን ከአፈር ጋር ስለሚጣበቅ ጎርፍ ተዳፋቱን ሲጠርግ አብሮ ይሄዳል። ሁለቱም ሐይቅ ሲገቡ የአልጌ ቀለብ ይሆናሉ።

ሐይቁ እንዳይደፈርስ ተብሎ በእርሻዎቹ ላይ የናይትሮጅን ጣሪያ ተጣለ፤ ሰው ሊቆጣጠረው የሚችለውን ናይትሮጅን በ20 በመቶ መቀነስም ታቀደ። የእያንዳንዱ ገበሬ ድርሻ የተሰላው በኦቨርሲር ነው። አያችሁ? ቁጥሩ ከተሳሳተ ወይ ገበሬው ያለጥፋቱ ይከስራል፣ ወይ ሐይቁ ይጎዳል።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ መጀመሪያ የተማርነው ነገር ቢኖር የገባው ከወጣውና ከቀረው ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት የሚለው ነው። በ2021 ይፋ የሆነው የገለልተኛ ባለሙያዎች ግምገማ ሶፍትዌሩ ይህንን ሚዛን እንደማይጠብቅ አገኘ። ለእኔ ይሄ ይቅር የማይባል ነው። ሌላም አለ፦ ኦቨርሲር የሚሠራው በአማካይ የአየር ሁኔታ ነው። ግን ንጥረ ነገር በአማካይ ቀን ታጥቦ አይሄድም እኮ! ከድርቅ በኋላ በመጣ አንድ ዶፍ ብዙ ሊሄድ ይችላል። በመሬት ላይ የሚፈሰውን ውሃና የመሬቱን አቀማመጥም በቅጡ አያይም ተብሏል። ለተዳፋት ግጦሽ ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም።

ታዲያ ይጣል? አይመስለኝም። ሽንቱ የት የት እንዳረፈ ማን ያውቃል? አፈር ውስጥ የሚቀበር መለኪያ የሚያየው አንዲት ቁራሽ መሬት ብቻ ነው። ሐይቁን እየለካን እንጠብቅ ብንል ደግሞ የከርሰ ምድሩ ውሃ ሐይቁ ጋ ለመድረስ አሥርት ዓመታት ሊፈጅበት ይችላል። ስለዚህ ያለ ሞዴል መሥራት አይቻልም።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ብቻ አይደለም። ኦቨርሲር ሲጀመር ለገበሬ ስለ ማዳበሪያ ምክር መስጫ ነበር። «ይህን ብታደርግ ከዚያኛው ይሻላል» ለማለት ይጠቅማል። «ጣሪያውን በሁለት ኪሎ አልፈሃልና ጥፋተኛ ነህ» ለማለት ግን አልተሠራም። የአማካሪን ሥራ ለዳኛ የሰጡት ሰዎች ናቸው።

እኔ ብሆን ኦቨርሲር አንድ ቁጥር ብቻ እንዲያወጣ አልፈቅድለትም። «ከዚህ እስከዚህ ሊሆን ይችላል» ብሎ እርግጠኛ ያልሆነበትን መጠን አብሮ ይናገር፤ ከጅረት ልኬት ጋርም በየጊዜው ይመሳከር። እናንተም ከኮምፒውተር የወጣ ቁጥር ስታዩ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ተለክቶ ነው ወይስ ተገምቶ? ለምን ሥራስ ነበር የተሠራው?