የሐኪም ቤት ማስታወቂያዎች አማርኛ፦ ስለ ጥቂት ስያሜዎች የቀረበ ሒስ

ሕመምተኛ ሐኪም ፊት ከመቅረቡ አስቀድሞ በብዙ ጽሑፍ መካከል ያልፋል። የግቢው በር ላይ የመጠየቂያ ሰዓት ተለጥፏል፤ በየክፍሉ መግቢያ ስያሜ ተሰቅሏል፤ ካርድ ሲያወጣ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ከሆነ ስለ ዝግጅቱ የሚናገር ሌላ ወረቀት ይጨመርለታል፤ መድኃኒት ሲገዛም በከረጢቱ ላይ ትእዛዝ ይጻፍለታል። እነዚህ ጽሑፎች በመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ዘንድ እንደ ጥናት ቁስ ሲቆጠሩ እምብዛም አይታይም። እኛም ራሳችን «የሕክምና ቃላት» ስንል ለረጅም ጊዜ በሐኪሞችና በተማሪዎቻቸው መካከል የሚነገሩትን ብቻ እናስብ ነበር። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናነሣ የፈለግነው ግን ለታካሚው፣ ለአስታማሚውና ለጠያቂው የሚጻፈውን አማርኛ ነው። ምሳሌዎቻችን በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ በተለያየ ጊዜ ከተመለከትናቸው የመንግሥትና የግል የሕክምና መስጫዎች ማስታወቂያዎች የተወሰዱ ናቸው። የተቋሞቹን ስም አንጠራም፤ ተመሳሳዩ ቃል በሌላውም አካባቢ ስለሚገኝ መጥራቱ ለጉዳያችን አይጠቅምም።

ጎንደርን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም ወደ ገጠር የሚሠማሩ ሦስት ዓይነት ባለሙያዎችን፣ ማለትም የጤና መኮንኖችን፣ የኮሚኒቲ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ማሠልጠን ጀመረ። ከሦስቱ ስያሜዎች «ጤና መኮንን» በጊዜው ለደጋው ገበሬ እንግዳ ሳይሆንበት አልቀረም። መኮንን የሚገዛና የሚፈርድ ሰው ነውና፤ ቃሉ የእንግሊዝኛውን የሹመት ስም እንዳለ በመመለስ የተገኘ ነው። ሆኖም ሰውየው በየመንደሩ እየዞረ ሲያክም ስለታየ ስያሜው ሥር ሰደደ፤ ዛሬ ማንም አይደናገርበትም። ከዚህ የምንማረው ስሕተት ያለበት ስያሜ እንኳ የሚያስረዳለት ሰው አጠገቡ ካለ ሊቃና መቻሉን ነው። በር ላይ የተሰቀለ ሰሌዳ ግን ይህ ዕድል የለውም።

ሕዝቡ ያለ ኮሚቴ የተቀበላቸው ቃላትም አሉ። «ራጅ» ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ጨረሮች ማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪው ነገሩን ከፎቶግራፍ ጋር አዛመደና «ራጅ ተነሣሁ» አለ፤ የተዋሰው ስሙን ብቻ ነው፤ ግሡን ከቤቱ አወጣ። «ኪኒን»ም እንዲሁ የወባ መድኃኒት ከሆነው ከኩዊኒን ተነሥቶ ዛሬ የማንኛውም እንክብል ስም ሆኗል፤ ሲቆጠርም «ሁለት ፍሬ ኪኒን» ይባላል። «ፍሬ» የምትለውን ቃል በስንት የመድኃኒት መመሪያ ላይ አገኘናት ብንባል መልሳችን አንድም አይሆንም።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ካየናቸው ማስታወቂያዎች በአንዱ «የጎብኚዎች ሰዓት» የሚል ተጽፏል። ተርጓሚው በእጁ የነበረውን የእንግሊዝኛ ቃል መዝገብ ገልጦ የመጀመሪያውን ፍች እንዳነሣ ግልጽ ነው። «ጎበኘ» ሥራን፣ አገርንና ቅርስን ይጎበኛል። በአንድ በኩል የፋሲል ግቢ፣ በሌላ በኩል የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ባለበት አካባቢ «ጎብኚ» የሚባለው ካሜራ ያንጠለጠለው እንግዳ ነው። ታማሚን ግን አማርኛ «ይጠይቃል»። ግእዝ ለዚህ «ሐወጸ» የሚል ራሱን የቻለ ግሥ ነበረው፤ በማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ ግእዙ በዚህ ግሥ የተናገረውን አማርኛው «ጠየቀ» ብሎ መልሶታል። አንድ ግሥ መልስ መሻትንና ሕመምተኛ ዘንድ መሄድን አጣምሮ መያዙ የቋንቋው ድህነት የሚመስለው ይኖር ይሆናል። እኛ እንዲህ አናየውም። ጠያቂ ባዶ እጁን አይሄድም፤ «እግዜር ይማርህ» ሳይል አይቀመጥም፤ ያልጠየቀ ጎረቤትም ይታዘቡታል። «ጠያቂ» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ ግዴታ ይሸከማል፤ «ጎብኚ» አንዱንም አይሸከምም።

ቃሉ በትክክል በተጻፈባቸው ማስታወቂያዎች ደግሞ ሌላ ጉድለት አለ። «ጠያቂዎች ከዚህ ማለፍ በጥብቅ ክልክል ነው» የሚለው አነጋገር ከጦር ሠፈር አጥር ላይ የተነቀለ ይመስላል። ዘመዱ የታመመበትን ሰው «እባክዎ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይግቡ፤ ሕመምተኛው ዕረፍት ያስፈልገዋል» ቢሉት ምክንያቱን ስለሚያውቅ ሌላውን ጠያቂ እርሱ ራሱ ይመልሰዋል።

«አስታማሚ»ን በተመለከተ የምናቀርበው ምስጋና ነው። አንዳንድ አዳዲስ ትርጉሞች «ተንከባካቢ» ሊተኩበት ይሞክራሉ፤ አያስፈልግም። የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚያስተውሉት ከአንዱ ሥር «አመመ» ሁለት የማድረጊያ ግሦች ወጥተዋል። «አሳመመ» ሕመም አመጣ ማለት ነው፤ «ታመመ» የሚለው ተን እንደያዘ «አስ-» ሲጨመርበት ግን «አስታመመ» ይሆንና የታመመውን ተከታትሎ ረዳ ማለት ይሆናል። ልዩነቱን ያመጣችው አንዲት «ት» ናት። «ታረቀ፣ አስታረቀ» እና «ታገሠ፣ አስታገሠ» በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። «የሕመም ማስታገሻ» የተባለው ስያሜ ያለ ችግር የተለመደው ከዚህ ሕያው ቤተሰብ ስለተወለደ ነው ብለን እናምናለን።

አሁን እጅግ ወደሚያሳስበን ቃል ደረስን። በየሐኪም ቤቱ «ድንገተኛ ክፍል» የሚል ሰሌዳ አለ። «ድንገተኛ» ከ«ድንገት» የወጣ ቅጽል ስለሆነ ሳይታሰብ የመጣውን ይገልጻል፤ ነገሩ እንዴት እንደ ጀመረ እንጂ ምን ያህል እንደሚያጣድፍ አይናገርም። ስያሜው የተተረጎመበት የእንግሊዝኛ ቃል ደግሞ በሐኪም ቤት ከሁሉ በፊት የሚያመለክተው ማጣደፉን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የሕክምና መስጫ ግቢ ውስጥ፣ ከደጋው አባቱን በቃሬዛ አሸክሞ የመጣ ጎልማሳ በካርድ ማውጫው ሰልፍ ቆሞ አገኘን። ሽማግሌው ትንፋሽ አጥሯቸው ዛፍ ጥላ ሥር ተኝተዋል። ወደ ድንገተኛ ክፍል ለምን እንዳልወሰዳቸው ስንጠይቀው፣ «የአባቴስ ድንገተኛ አይደለም ጌታው፤ ከፋሲካ ጀምሮ ነው የያዛቸው» አለን። ሰሌዳውን ተማሪ የሆነ ታናሽ ወንድሙ አንብቦለታል፤ ልጁም በትክክል አነበበ፤ እርሱም አማርኛውን በትክክል ተረዳ። የተሳሳተው ስያሜው ነበር። ነርስ ጠርተን ሽማግሌው ወዲያው ገቡና ኦክስጅን ተደረገላቸው፤ ነገር ግን በሰልፉ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠፍቶ ነበር።

የሕግ ተርጓሚዎቻችን ይህንኑ የእንግሊዝኛ ቃል ሲመልሱ «የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ» አሉ እንጂ «የድንገተኛ ጊዜ» አላሉም፤ አስኳሉ መቸኮሉ እንደሆነ አስተውለዋል። ስለዚህ «አስቸኳይ ሕክምና» የተሻለ ነው እንላለን። «አጣዳፊ» የሚለው ቃልም በተገባ ነበር፤ ዳሩ ግን «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» በሚለው ስያሜ ሌላ ሥራ ይዟል። አዋጁን የሚያስታውስ ቃል በሐኪም ቤት በር ላይ ደስ አይልም የሚሉ ባልደረቦች አሉን፤ ስሜታቸው ይገባናል። የቆየውን ሰሌዳ መለወጥ ካልተቻለ ከሥሩ «ሕይወቱ የሚያሰጋ ሕመምተኛ ካርድ ሳያወጣ በዚህ ይግባ» የሚል አንድ መስመር ይጨመርበት።

ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚሰጠው ወረቀትም ከዚህ የቀለለ ጉዳይ አይደለም። ያየነው አንድ ወረቀት «ከቀዶ ሕክምናው 8 ሰዓት በፊት ይጹሙ» ይላል። በመጀመሪያ «ጾም» በዚህ አገር የታወቀ ሥርዓት ያለው ቃል ነው፤ ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ መተው ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ደግሞ ሽሮና ምስር ይበላል፤ ስሙም «የጾም ምግብ» ነው። ስለዚህ ትእዛዙን የፈጸመ ታካሚ ሽሮ በልቶ ሊመጣ ይችላል። ሆዱ ባዶ ያልሆነ ሰው በማደንዘዣ ሥር ሆኖ ቢያስመልሰው ወደ ሳንባው ሊገባ እንደሚችል ሐኪሞች ያስጠነቅቃሉ። «እህል ውሃ አይቅመሱ» የሚለው የገበሬው አነጋገር ይበልጣል፤ እርሱም ቢሆን አይበቃም። ጠበል በአማኙ ዘንድ ከእህል ውሃ አይቆጠርም፤ እንዲያውም በባዶ ሆድ የሚጠጣ ነው። ወረቀቱ «ቡናም፣ ጠበልም ቢሆን» ብሎ በስሙ ካልጠራው ታካሚው ጠጥቶ ይመጣል፤ ሲጠየቅም ምንም አልቀመስኩም ይላል፤ አልዋሸምም።

በሁለተኛ ደረጃ «8 ሰዓት በፊት» ራሱ ሁለት ነገር ነው። «ሰዓት» በአማርኛ የጊዜ ርዝመትም፣ የቀኑ ነጥብም ነው፤ «ለ8 ሰዓት» እና «በ8 ሰዓት» በአንዲት ፊደል ይለያያሉ፤ ፊደሏ ስትወድቅ ሰሚው የሚይዘው ከቀትር በኋላ ያለውን 8 ሰዓት ነው። መፍትሔው «ከማታው 4 ሰዓት ጀምሮ» ብሎ ሰዓቱን ቆርጦ መጻፍ ነው። የመጠየቂያ ሰዓትን «12:00» ብሎ መጻፍም እንዲሁ ነው፤ በአገራችን አቆጣጠር ንጋት ነው ወይስ ምሽት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ቀትር ነው ወይስ እኩለ ሌሊት፣ ከሩቅ የመጣ ጠያቂ ሊያውቀው አይችልም። «ከቁርስ በኋላ አንድ ፍሬ» የሚለውን ደግሞ 55 ቀን በሚጾመው በዐቢይ ጾም ያስቡት፤ ጾመኛው ቁርስ የለውምና መድኃኒቱም ሳይዋጥ ይውላል።

ስለ ምርመራ ውጤት አንድ ቃል ብቻ እንጨምር። «ውጤቱ አዎንታዊ ነው» የሚለው አባባል ለላቦራቶሪ ሠራተኛ ትክክል ነው። ተራው ሰው ግን «አዎንታዊ»ን የሚያውቀው «አዎንታዊ መልስ»፣ «አዎንታዊ ለውጥ» ከሚሉት አነጋገሮች ነው፤ ስለዚህ ደስ ብሎት ይሄዳል። «ተሕዋሲው ተገኝቷል» ወይም «አልተገኘም» ማለት ምን ያስቸግራል?

«አልጋ የለም» የሚለው ጽሑፍም ያስቃል፤ ያስለቅሳልም። በከተማው መንገድ ዳር «አልጋ» ማለት የሚከራይ መኝታ ነው። ሕመምተኛ ያመጣ ሰው ይህን ሰምቶ «ግዴለም፣ መሬት ይተኛ፤ ቁርበት ይዘናል» ሲል ሰምተናል፤ ለእርሱ የጎደለው ዕንጨቱ ብቻ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ «ወሸባ» የሚለው ነባር ቃል ተቆፍሮ ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን «ለይቶ ማቆያ» አሸነፈው፤ ትርጉሙን በራሱ ላይ ስለያዘ ይመስለናል።

የሚሰነዘርብንን ተቃውሞ እናውቃለን። ሙያዊ ስያሜ ጥብቅ መሆን አለበት፤ ለእያንዳንዱ ሰሚ ሲባል እየተፈታ ከሄደ ስያሜነቱ ይቀራል ይባላል። እውነት ነው። በ1989 ዓ.ም. የታተመውን የመሰለ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የሚያገለግለው ተማሪውን፣ መምህሩንና ተርጓሚውን ነው። ጥፋቱ ስያሜውን ከመዝገቡ አንሥቶ ሳያጣራ በር ላይ መስቀሉ ነው፤ ከዚህ ጥፋት እኛም ነጻ አይደለንም። በአንድ የስያሜ ጉባኤ ላይ ተቀምጠን ከግእዝ የተሠሩ ቃላትን አንድ በአንድ ስናጸድቅ፣ «ይህን ለሕመምተኛ ማን ያነብለታል?» ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም። ወደፊት በሚዘጋጁ የሕክምና መዛግብት ከሙያዊው ፍች ጎን «ለታካሚ» የሚል ምልክት ያለበት ሁለተኛ አገላለጽ ቢሰጥ፣ ያም አገላለጽ ከመታተሙ በፊት ለጥቂት አስታማሚዎች ጮክ ተብሎ ተነብቦ የገባቸውን በራሳቸው ቃል እንዲመልሱ ቢደረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ያልፈታነው አንድ ቃል «ሪፈር» ነው። ደባርቅ ላይ «ሪፈር ተባለ» ሲባል ቤተ ዘመዱ የሚሰማው የ100 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ ብቻ አይደለም፤ ተስፋ የመቁረጥ ፍርድም ይመስለዋል። በጽሕፈት ቤቶች የሚሠራበት «ቅብብሎሽ» ለአሠራሩ ስም ይበቃ ይሆናል፤ ለሕመምተኛ ሲነገር ግን የኳስ ጨዋታ ያስመስለዋል። «መሸኛ» የተባለው ለሌላ ደብዳቤ የተለመደ ቢሆንም፣ የሞተም ስለሚሸኝ ሐኪም ቤት ውስጥ አይወደድም። ከደጋው ሰዎች አንደበት «ወደ ጎንደር ጻፉልኝ» ሲባል ሰምተናል፤ ክፉ ምልክት የለበትም፤ ከዚህ ግሥ ግን አጭር ስም ማውጣት አልሆነልንም። ለጊዜው «መላኪያ ወረቀት» እንላለን። አንባብያን በየአካባቢያቸው የሚነገረውን ቃል፣ የተሰማበትን ቦታና የተነገረበትን ሁኔታ ጨምረው ቢልኩልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።