ስለሚቆምና ስለሚሄድ ነገር

በጉባ ወረዳ የሕዳሴው ግድብ ካቆመው ሐይቅ ዳር ሆኖ የሚመለከት ሰው፥ ዐባይ መሄዱን ትቶ የተኛ ይመስለዋል። ነገር ግን ከላይ ዝም ያለው ውሃ ከግድቡ ሥር ወርዶ ተርባይኖቹን ያሽከረክራል። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ መቆምና መንቀሳቀስ ጠላቶች መስለው ቢታዩም አንዱ ያለ ሌላው እንደማይኖር ልብ በሉ። ይህን ጉዳይ በተንቀሳቃሽ ሥዕል አጥብቀው ከመረመሩት ወገኖቻችን አንዱ አቶ ቴዎ እሸቱ ናቸውና ስለ ሥራቸው ጥቂት መናገር ይገባናል።

አቶ ቴዎ እ.ኤ.አ. በ1958 በሎንዶን የተወለዱ ሲሆኑ፥ የታሪክ ጸሐፊው የተክለ ጻድቅ መኩሪያ የልጅ ልጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የሠሩት ሥራ የአክሱም ሐውልትን መመለስ የሚያሳይ ነው። 24 ሜትር የሚረዝመውን ይህን ድንጋይ የኢጣልያ ጦር በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮም ወሰደው። ኢጣልያ በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል እመልሳለሁ ብትልም፥ ሐውልቱ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም የደረሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። ቆሞ የተመረቀውም በ2000 ዓ.ም. ነበር።

እንግዲህ ከድንጋይ ይልቅ የማይንቀሳቀስ ነገር ምን አለ? ሆኖም ይህ ድንጋይ ባሕር ተሻገረ፤ ሰማይም ተሻገረ። ሠዓሊው ታሪኩን በአንድ ስክሪን አልነገሩትም፤ አሥራ አምስት ስክሪኖችን ደርድረው ከፋፈሉት እንጂ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በየሣጥኑ ከፋፍለው የሚሥሉትን የሀገራችንን ሠዓልያን አስታውሱ። በዚያ ጥንታዊ አሠራር ሥዕሉ ቆሞ የተመልካቹ ዓይን ይሄዳል። በአቶ ቴዎ ሥራ ግን ሥዕሉም ዓይኑም ይሄዳሉ፤ የሚቆም ቢኖር ሁሉም የሚዞርበት ድንጋይ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 የሠሩት «ብሬቭ ኒው ዎርልድ» የተባለው ሥራ ደግሞ ሌላ መንገድ ይይዛል። በመስተዋት በተሸፈነ ሣጥን ውስጥ የሚታየውን ተንቀሳቃሽ ሥዕል መስተዋቶቹ እያባዙ እንደ ሉል ክብ ያደርጉታል። ዓለም ይዞራል፤ ተመልካቹ ግን ቆሞ ካላየ ምንም አያገኝም።

ጉድለት የለባቸውም አንልም። አሥራ አምስት ስክሪን ባንድነት ሲናገር ዓይን በአንዱ ላይ ሲያርፍ አሥራ አራቱ ያመልጡታል። ችኩል ተመልካች ደስ ብሎት ይወጣ ይሆናል፤ የያዘው ግን ጥቂት ነው። ሆኖም የሥራው ጥቅም ከጉድለቱ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ቀና ብሎ የቆመ ነገር ሁሉ በብዙ ሰዎች ድካምና ጉዞ እንደቆመ ያስተምራልና።

በዚህ ሚዛን ወደ ጉባ እንመለስ። ግድቡ በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ቁመቱ 145 ሜትር ሲሆን፥ ሐይቁ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ስለ እርሱ የሚነሡት ሥዕሎች ብዙ ጊዜ አርማታውንና የሚፈሰውን ውሃ ያሳያሉ። ይህ መልካም ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ያ ውሃ ይቆም ዘንድ ብዙ ሰው ተንቀሳቅሷል፤ ሠራተኛው ከሩቅ ሀገር መጥቶ በዚያ ቆላ ሐሩር ደክሟል፤ ደሞዝተኛውና ገበሬው ቦንድ ገዝቷል፤ በወንዙ ዳር ይኖሩ የነበሩ የጉሙዝ ቤተሰቦችም የአባቶቻቸውን ቀዬ ለቀው ወደ ሌላ መንደር ሄደዋል። የቆመውን አሳይቶ፥ እንዲቆም ብሎ የሄደውን የሚረሳ ሥዕል ውብ ሊሆን ይችላል፤ እውነተኛ ግን አይደለም።

ዛሬ በእጃችሁ ባለው ስልክ በአንድ ሰዓት መቶ ሥዕል ያልፋል። ጣት ሲሮጥ ልብ ይተኛል። ስለዚህ ከአንዱ ሥዕል ፊት ጥቂት ቆይታችሁ፥ «ይህ ይቆም ዘንድ ማን ሄደ? የሄደውስ አሁን የት አረፈ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከእናንተም ካሜራ የሚይዝ ቢኖር ከግድቡ አናት ብቻ አይቁም፤ ወደ አዲሶቹ መንደሮችም ይውረድና ሽማግሌዎቹን ያዳምጥ።