የተቆረጠው ምን ነበር? የማርታ ባላርድ የዕለት መዝገብና ገልባጮቹ

የአሜሪካዋ የሜይን ግዛት አዋላጅ ማርታ ባላርድ ከ1785 እስከ 1812 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የያዙት የዕለት ማስታወሻ ስሙ የሚነሣው ባዋለዷቸው ከ800 በላይ ሕፃናት ነው። የመዝገቡ ትልቅ ዋጋ ግን ያለው፣ በእኔ እይታ፣ ማንም ባልተወለደባቸው ቀናት ላይ ነው።

በሚኖሩባት በሃሎዌል የኬንቤክ ወንዝ በክረምት በረዶ ይሆናል፤ አዋላጇም በላዩ ተሻግረው ይሄዳሉ። የአንድ ቀን ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአየሩ ጠባይ ነው፤ ማን እንደመጣ፣ ሴቶች ልጆች ምን እንደፈተሉና እንደሸመኑ፣ ባልየው የት እንደዋሉ ይከተላል። ወሊዱ በኅዳጉ ይቆጠራል፤ ዋጋው ሲከፈል ምልክት ይደረግበታል። መዝገቡ ሥራ ካለቀ በኋላ የተጻፈ የልብ ወግ ሳይሆን ራሱ የቀኑ የመጨረሻ ሥራ ነው። (በዳዊት ባዶ ቅጠል ላይ ልደትና የመሬት ሽያጭ ተጽፎ ያየ አንባቢ አይገርመውም።)

መዝገቡ በዘር ወርዶ በአራተኛው ትውልድ ሐኪሟ ሜሪ ሆባርት እጅ ገባ፤ እርሳቸውም በ1930 ለግዛቲቱ ቤተ መጻሕፍት ሰጡት። ከዚያ አስቀድሞ የአካባቢው ታሪክ ጸሐፊ ቻርልስ ናሽ ለኦገስታ ከተማ ታሪካቸው ረጅም ቅንጭብ ወስደው ነበር፤ ተራና ተደጋጋሚ የመሰላቸውን የቤት ውስጥ ሥራ ግን አስወጡት። ናሽን ቸልተኛ ማለት ይከብዳል፤ ኅትመት ወጪ አለው፣ አንባቢም ይሰለቻል። ስሕተቱ ድግግሞሹን ትርፍ አድርጎ መቁጠሩ ላይ ነው። «ልጄ ሸመነች» የሚል አንድ መስመር ምንም አይነግረንም። ያው መስመር ወር ከወር ሲመላለስ ግን ፈትሉ ከማን ቤት እንደመጣ፣ ጨርቁ ለማን እንደሄደ፣ የወንዶቹ የሒሳብ ደብተር የማይጠቅሰው የሴቶች ልውውጥ እንዴት እንደሚሠራ ይታያል።

የታሪክ ምሁሯ ሎሬል ታቸር ኡልሪች በ1990 ባሳተሙትና በቀጣዩ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት ባገኘው መጽሐፋቸው ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ የተናቁትን መስመሮች በትዕግሥት ቆጠሩ። ሆኖም እርሳቸውም ይመርጣሉ። ምዕራፎቹ በተመረጡ ቀናት ይከፈታሉ፤ ትንታኔው ይከተላል፤ የአንባቢው ዓይንም ሳያውቀው ወደ ድርጊቱ ይሳባል። በ1804 ግብር ሰብሳቢው ባልየው ባልሰበሰቡት ግብር ዕዳ ሲታሰሩ ማርታ የሚነድ እንጨት እስከማጣት ተቸገሩ፤ ይህም በትረካው ውስጥ እንደ መከራ ጎልቶ ይወጣል። በመዝገቡ ግን የእንጨቱ ችግርና የልብስ አጠባው እኩል ድምፅ አላቸው።

ስለዚህ የማካውስላንድ ጥንዶች ሙሉውን መዝገብ ገልብጠው በ1992 ያሳተሙት ሥራ የኡልሪች መጽሐፍ ጭራ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ መፈተኛው ነው። ለምሳሌ በሙሉው መዝገብ ሴቶች ልጆች እያገቡ ሲወጡ የሽመናው መስመር ይሳሳል፣ የእናትየው ድካም ይበዛል። በመጽሐፏ የተመረጡትን ቀናት ብቻ ያነበበ ሰው ይህን ለውጥ ከኡልሪች ቃል ይቀበላል እንጂ በራሱ ሊያጣራው አይችልም።