ጡረተኛው ተቆጥሯል፤ ሕመሙስ?

አንድ ሕግ ለማን እንደ ወጣ ለማወቅ የመጀመሪያዎቹን አንቀጾች ማንበብ ይበቃል። ለማን እንደሚጠቅም ለማወቅ ግን «አይጨምርም» እስከሚለው ዝርዝር ድረስ መዝለቅ ያስፈልጋል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 እና እርሱን ለማስፈጸም በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 271 በዚህ ዓይን ሲመረመሩ፣ ጡረተኛውን በክብር ወደ ቤት አስገብተው ማዕዱ ሲቀርብ የሚያስነሡት ሆነው ይገኛሉ።

በቅድሚያ መልካሙን መናገር ተገቢ ነው። አዋጁ በመደበኛው የሥራ መስክ ያለውን ሠራተኛና ጡረተኛውን ከነቤተሰባቸው በአንድ ጥላ ሥር አሰባስቧል። መዋጮውም የሚሰላው በገቢ እንጂ በዕድሜ ወይም በበሽታ አይደለም። በደንቡ መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ ያዋጣሉ፤ ጡረተኛው ግን ከጡረታ አበሉ 1 በመቶ ብቻ ሲከፍል መንግሥት ሌላ 1 በመቶ ይጨምርለታል። ለምሳሌ ወርኃዊ አበሉ 3,000 ብር ለሆነ ጡረተኛ ከሁለቱም ወገን የሚሰበሰበው 60 ብር ሲሆን፣ ደመወዙ 10,000 ብር ለሆነ ሠራተኛ 600 ብር ነው። ብዙ የሚታመመው ጥቂት፣ ጥቂት የሚታመመው ብዙ ያዋጣል ማለት ነው። የማኅበራዊ መድን ትርጉሙም ይኸው መደጋገፍ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከመዋጮው ወደ አገልግሎቱ ሲታለፍ ነው። ደንቡ በወጣበት መልኩ ከሽፋን ውጭ ካደረጋቸው አገልግሎቶች መካከል መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የአካል ንቅለ ተከላ፣ ከድንገተኛ የኩላሊት መድከም በስተቀር የኩላሊት እጥበት፣ እንዲሁም ከሕመም ጋር ያልተያያዘ ወቅታዊ ምርመራ ይገኙበታል። ይህ ዝርዝር ለሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ሲነበብ እምብዛም የሚያስቆጭ አይደለም። በጡረታ መውጫው በ60 ዓመትና ከዚያ በላይ ላለ ሰው ሲነበብ ግን የተመላላሽ ክፍል መዝገብ ይመስላል። ማንበብ ያቃተው፣ ማኘክ የተሳነው፣ ኩላሊቱ የደከመ፣ ሳያውቀው ደም ግፊቱ ከፍ ያለ ሰው በሙሉ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ራሱን ያገኛል።

የኩላሊቱ ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ለረጅም ጊዜ የቆየ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ኩላሊትን ቀስ በቀስ እንደሚያደክሙ፣ ሁለቱም ለዓመታት ምልክት ሳያሳዩ ሊቆዩ እንደሚችሉ ማንኛውም የጤና ባለሙያ ያውቃል። በመሆኑም በሽታውን በጊዜ የሚያስገኘው ሰውየው ጤነኛ ነኝ ብሎ ሳለ የሚደረግለት ምርመራ ነው። ደንቡ ይህን ምርመራ «ከሕመም ጋር ያልተያያዘ» ብሎ ከሽፋን ካወጣ በኋላ፣ ኩላሊቱ ፈጽሞ ሲደክም የሚያስፈልገውን እጥበትም አውጥቶታል። የፊት በሩም የኋላ በሩም ተዘግቷል ማለት ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚለው ብሂል የሕክምናም ብሂል ሆኖ ሳለ፣ ሕጉ በእርጥቡም በደረቁም ጊዜ እጁን ሰብስቧል።

«እጥበት እጅግ ውድ ነው፤ ጥቂት ሕሙማን የብዙኃኑን ገንዘብ ይጨርሱታል» የሚለው ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ዕድሜ ልክ የሚሰጥ ሕክምና ገና ላልጠና የመድን ገንዘብ ከባድ ሸክም ነው። ሌሎች አገሮችም በዚህ ተፈትነዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1965 ሜዲኬር የተባለውን የአረጋውያን የጤና መድን ስትመሠርት መነጽርን፣ የመስሚያ መሣሪያንና ሰው ሠራሽ ጥርስን ወደ ጎን ትታ ነበር፤ በ1972 በወጣ ማሻሻያ ግን የመጨረሻ ደረጃ የኩላሊት ሕሙማንን ዕድሜያቸው ሳይገድብ በመድኑ ሥር አስገብታለች፤ ወጪውም ከባድ ሆኖባታል። ጋና በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ የማኅበራዊ ዋስትና ጡረተኞችንና ከ70 ዓመት በላይ የሆኑትን ከመዋጮ ነፃ አድርጋለች። ይሁን እንጂ የእጥበት ውድነት እጥበትን ለመገደብ ምክንያት ቢሆን እንኳ መነጽርን ለመከልከልና የደም ግፊት ልኬትን ለመተው ምክንያት ሊሆን አይችልም። ወጪው ያስፈራው ሕግ አውጪ ይልቁንም ርካሹን አጥብቆ መያዝ ነበረበት።

በ1998 ዓ.ም. ገደማ የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት ከኅብረተሰቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ ዕይታው የደከመ መሆኑን አሳይቷል። ዕይታቸው ከደከመው ውስጥ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ችግራቸው በመነጽር ሊስተካከል የሚችል ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሲያስተምር የኖረ መምህር በጡረታው ዘመን ጋዜጣ ለማንበብ የሚያስፈልገው መነጽር ከቅንጦት ሊቆጠር አይገባም። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን ማንበብ የማይችል የስኳር ሕመምተኛ መድን የከፈለለትን መድኃኒት እንኳ በትክክል አይወስድም።

ሌላው ጉድለት ዝርዝሩ የሚያረጅ መሆኑ ነው። ደንቡ ሲወጣ በአገር ውስጥ የኩላሊት ንቅለ ተከላ አይደረግም ነበር። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ የመጀመሪያው ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተከናወነ። ሕክምናው ሲያድግ አብሮ የማይታደስ ዝርዝር፣ የትናንቱን አቅም የነገ ሕመምተኛ መለኪያ ያደርገዋል።

ከዝርዝሩም በላይ የሚያሳዝነው ግን መዘግየቱ ነው። አዋጁ ከወጣ በኋላ አፈጻጸሙ በተደጋጋሚ ተላልፏል፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት የ3 በመቶው ተቀናሽ በሠራተኛው ዘንድ ያስነሣው ቅሬታ ነው። የጡረተኛው 2 በመቶ ብቻውን መድን ሊያቆም ስለማይችል የጡረተኛው ሽፋን በሠራተኛው ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። በ2002 ዓ.ም. የ50 ዓመት ሰው የነበረ ሠራተኛ በ2012 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጣ የማኅበራዊ ጤና መድን ገና አልተጀመረም ነበር። በአንጻሩ ከመደበኛው ሥራ ውጭ ላለው ሕዝብ የታቀደው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። በዚህም ገበሬው የመድን ደብተር ሲይዝ፣ በንድፉ የማኅበራዊው መድን ድርሻ የሆነው ጡረተኛ ጎረቤቱ ለሕክምና ከኪሱ ይከፍላል። መድን ደግሞ ለወጣት ሊዘገይ ይችል ይሆናል፤ ለሰባ ዓመት ሰው ግን የዐሥር ዓመት መዘግየት ከመከልከል አይለይም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ከ60 ዓመት በላይ ላሉት የደም ግፊት፣ የስኳርና የዓይን ምርመራ በየዓመቱ በሽፋን ውስጥ ይግባ። መነጽር በተወሰነ ዋጋና በተወሰነ ዓመት አንድ ጊዜ ይሰጥ። እጥበት ፈጽሞ ከሚከለከል ይልቅ በግልጽ መስፈርትና በወጪ መጋራት ይጀመር። የማይካተተው ዝርዝርም ባለሙያ ባለበት ጉባኤ በየተወሰነ ጊዜ ይከለስ።

በዚህ ረገድ የጤና ባለሙያው ድርሻ ከማንም ይበልጣል። አረጋዊውን «ይህ በመድን አይሸፈንም» ብሎ የሚመልሰው እርሱ ነው። የተመለሰው ሰው ከወራት በኋላ በምን ሁኔታ ተመልሶ እንደሚመጣም በካርዱ ላይ የሚመዘግበው እርሱ ነው። ያ ካርድ ስለ ደንቡ ሊቀርብ ከሚችለው ሂስ ሁሉ የጠነከረ ማስረጃ ስለሆነ፣ ከካርድ ክፍል ወጥቶ ሕግ በሚረቀቅበት ጠረጴዛ ላይ ሊነበብ ይገባዋል። የሚያነበው ባለሙያም፣ የሚያደምጠው ሕግ አርቃቂም ነገ የዚያው ወረፋ ተሰላፊዎች ናቸው።